ኮንትራት ነበርኩ

ስራ ልጠይቅ ገብቼ፣ ሰውየው የጠየቀኝ ቀላል ጥያቄ ነበር።

"ባንክ ውስጥ ምን ትሰሪ ነበር?"

ሳላስብ መለስኩ። "ኮንትራት ነበርኩ።"

የያዘውን ሻሂ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ። "እሱን አልጠየቅኩሽም አቦ። ስለ ቅጥርሽ ማን ጠየቀሽ? ስራሽን ነው ያልኩሽ።"

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ይመጣብኛል። ልብስ ሳጥብ ይመጣብኛል። ሰውየው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። የከነከነኝ መልሱ ከአፌ የወጣበት ፍጥነት ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስሰራ ኖሬ፣ ስራሽ ምንድነው ስባል ቀድሞ የመጣልኝ የውሌ ዓይነት ነው። ስሜን ብጠየቅ እንኳን እንደዚያ የምፈጥን አይመስለኝም።

ከባንክ ኮንትራት ወጥተው ወደ ሌላ ዘርፍ መግባት የሚፈልጉ ልጆች አሁን አሁን ይደውሉልኛል። ሲቪ እንዴት ይጻፋል፣ የት ይሞከራል ይሉኛል። እኔ ግን ሁሌ የምመለሰው ወደዚያች ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጣት።

ስድስት ወር፣ ስድስት ወር

ባንክ የገባሁት በ2011 ነው። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጬ ነበር። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ነው። ስራው "የደንበኞች መረጃ ማጥራት" ይባላል። ባንኩ ሲስተም እየቀየረ ስለነበር የድሮዎቹ ፎርሞች ወደ አዲሱ መግባት ነበረባቸው። በስድስት ወር ያልቃል አሉን።

ስድስት ወሩ አለቀ፤ ፎርሙ አላለቀም። ውሉ ታደሰ። እንደገና ታደሰ። በመጨረሻ ቆጥሬ ሳየው ስምንት ውል ፈርሜያለሁ።

ኮንትራት ሰርቶ የሚያውቅ ሰው አምስተኛውን ወር ያውቀዋል። አምስተኛው ወር ላይ ቀድመሽ ትገቢያለሽ። ስራ አስኪያጁ ሲያልፍ ከወንበርሽ ብድግ ትያለሽ። ቢያምሽም ፈቃድ አትጠይቂም። ዕቁብ ግቢ ስትባይ ታመነቻለሽ፤ ዕቁቡ የአንድ ዓመት ነው፣ ውልሽ የስድስት ወር። እኔ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዕቁብ ያመለጠኝ በዚህ ምክንያት ነው። እማዬ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ "ደመወዜ አይበቃም" እላታለሁ። ውሌ ያልቃል ማለት አልደፍርም ነበር።

ሰኔ ላይ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ሁላችንም አብረን እናመሻለን። ምግብ አብሮ ይመጣል፣ አብረን እንበላለን። በኋላ ቦነሱ ሲመጣ ግን እኛ የለንበትም። የቤት ብድር በአነስተኛ ወለድ፣ ህክምና፣ ስልጠና፣ እነዚህ ሁሉ ለቋሚዎቹ ናቸው። ቋሚዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዷ ቴለር እስከ ዛሬ እህቴ ናት። የኛ ባጅ ክር ግን ቀለሙ ሌላ ነበር። ደንበኛው አያስተውለውም፤ እኛ ግን እናየዋለን።

እማዬ ደግሞ በኔ ስትኮራ ሌላ ነበረች። ሳቢያን ሰፈር ላይ "ልጄ ባንክ ነው የምትሰራው" ስትል እሰማለሁ። ሠርግ ላይ ሳይቀር ታወራዋለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ያኔ ነው የገባኝ። ያደረግኩት የባንኩ ወርቅ ነበር። በየስድስት ወሩ "መልሺ" እባላለሁ ብዬ እየፈራሁ ነው ያደረግኩት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልበል። በዚያው በ2011 የወጣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1156 ነው። አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ልዩ ሁኔታዎቹ አንቀጽ 10 ላይ ተዘርዝረዋል። ተለይቶ የታወቀ ስራ ሲሆን፣ ለጊዜው የቀረ ሰውን ለመተካት ሲሆን፣ ከተለመደው በላይ ስራ ሲበዛ፣ ወቅታዊ ስራ ሲሆን፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወሮቼ እዚያ ውስጥ ሊገቡ ይችሉ ይሆናል። በአራተኛው ዓመት ግን ስራዬ የቅርንጫፉ የየዕለት ስራ ሆኖ ነበር። እኔ አልከሰስኩም፤ መክሰስም አልፈለግኩም። ባነበው ኖሮ ግን አንድ ነገር ይቀልልኝ ነበር። ውሉ አጭር የሆነው ችሎታዬ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ያንን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ኤክስ ሐ ናት፣ ኤክስ ጠ ናት

አሁን ስራዬን ልንገራችሁ። ያን ቀን ሰውየው ሲጠይቀኝ መናገር የነበረብኝን ማለቴ ነው።

ድሬ ውስጥ አንድ ሰው በወረቀት ላይ ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። ያኔ አካውንት የሚከፈተው በቀበሌ መታወቂያ ነው፤ መታወቂያው ላይ ስሙ በአማርኛ አለ። ሰውየው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ የተማረ ከሆነ ፊርማው ላይ ስሙን በላቲን ፊደል በራሱ ቋንቋ ደንብ ይጽፈዋል። ፓስፖርት ካለው ደግሞ እዚያ ላይ ሌላ አጻጻፍ አለ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ይህን አያውቅም።

ኤክስ የምትባለውን ፊደል እዩዋት። በሶማሊኛ ሐ ናት። በኦሮምኛ ጠ ናት። አሕመድ በሶማሊኛ ሲጻፍ ሁለተኛዋ ፊደል ኤክስ ናት። ይህን ኦሮምኛ የሚያነብ ልጅ ቢያየው አጥመድ ብሎ ያነበዋል። ሲ የምትባለዋም እንዲሁ ናት። በሶማሊኛ እንደ ዓረብኛዋ ዐይን፣ ዐ ናት፤ በኦሮምኛ ጨ። ዓሊ የሚባል የሶማሌ ሰው ስሙን በሲ ይጀምራል። አንዱ ጨሊ ይለዋል፣ እንግሊዝኛ የለመደው ደግሞ ካሊ። ዓሊ ግን እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ሲጠራም አይሰማም፤ የተጠራው እሱ አይደለማ።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል። እዚህ ጎረቤቱ በአራት ቋንቋ ነው የሚከተለው።

አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ልጃቸው ከውጭ ብር ልኮላቸው ስሙ አልገጥም ብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። በሦስተኛው ቀን መጡ። ፀሐዩ የድሬ የቀትር ፀሐይ ነው፤ መጋላ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። ፎርማቸውን ሳወጣው ከ12 ዓመት በፊት የጻፈው ሰው ስማቸውን በሰማው ድምፅ ጽፎታል። ልጃቸው ደግሞ በሶማሊኛ ደንብ ነው የጻፈው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ፊደል በፊደል አሳየኋቸው። መታወቂያቸውን አያይዤ ማስተካከያውን ሞላሁ። ለሱፐርቫይዘሩ ወስጄ አስፈረምኩ። ብሩ ሲገባ መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ያዝኩ። የሒሳብ ደብተር ነው፣ ሦስት ዓምድ ያለው። በአንዱ የአማርኛ አጻጻፉን፣ በሁለተኛው የኦሮምኛውን፣ በሦስተኛው የሶማሊኛውን እጽፋለሁ። የአረብኛ መነሻ ያላቸውን ስሞች ከሥር ምልክት አደርግባቸዋለሁ። ማንም አዝዞኝ አይደለም። ስራው ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ነው። ከጊዜ በኋላ ቴለሮቹ ከመስኮታቸው ይጠሩኝ ጀመር። "ነይ እስቲ፣ ይሄ ሰውዬና ያ ሰውዬ አንድ ናቸው?" ይሉኛል። አይቼ እነግራቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስሰራ ስራ ያልኩት አይመስለኝም። ስራ ማለት ቴለር መሆን፣ ሎን ኦፊሰር መሆን ነበር። የኔ "ዳታ ማስገባት" ነበር። ሌሎቹም እንደዚያ ይሉታል፣ እኔም ተቀብዬው ነበር።

እማዬና አባዬ

በስምንተኛው ውል መሃል ስራው ሊያልቅ እንደሆነ ተሰማ። ወደ ሌሎች ባንኮች ወረቀት አስገባሁ። ብዙዎቹ የሚፈልጉት ቋሚ የባንክ ልምድ ነው። አንዱ ቦታ ላይ ዕድሜዬ ለጀማሪ አልፏል ተባልኩ። በቋሚ ልምድ አልገባም፤ በጀማሪነትም አልገባም። እዚያ መሃል ላይ ብዙ ወር ቆምኩ።

በ2014 ነሐሴ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቆ ነበር። በሀገራችን የመጀመሪያው ነው። ከተማው ሁሉ ስለሱ ያወራል። ደረቅ ወደቡም አለ፣ የጅቡቲ ባቡርም በዚህ ነው የሚያልፈው። አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ "ትራንዚት ቢሮ ሰነድ የሚያይ ሰው ይፈልጋሉ" አለችኝ። ትራንዚት የአስመጪን ዕቃ ጉዳይ ጉምሩክ ላይ የማስጨረስ ስራ ነው፤ እኔ ግን ያኔ ስለሱ የማውቀው ነገር አልነበረም። ጉምሩክ ሲባል ትዝ የሚለኝ ኬላ ነው።

ማታ ላይ ቤት ተናገርኩ። እማዬ ወዲያው ከፋት። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ" አለችኝ። "ባንክ ለቀሽ ኮንቴይነር ልትቆጥሪ?"

አባዬ ዝም አለ። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ላይ፣ ብረት የሚቀረጽበት ማሽን ላይ፣ ነው የኖረው። ቋሚ ነበር። ያኔ ድሬ ላይ የባቡር ሰራተኛ መሆን ማለት ምን ማለት እንደነበር ለድሬ ሰው አልነግረውም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ሲቆም ግን ወርክሾፑም ቀዘቀዘ። አባዬ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የግል ጋራዥ ገባ፤ እዚያም ቶርኖ ላይ።

ብዙ ቆይቶ "እኔ ቋሚ ነበርኩ" አለ። "ባቡሩ ሲቆም ምን ተረፈኝ? ቶርኖው። አንቺ ከዚያ ስትወጪ ምን ይዘሽ ትወጫለሽ?"

መልስ አልነበረኝም። "እንጃ" አልኩት።

ያቺ ግማሽ ሰዓት

ቢሮው ከዚራ ሰፈር ነው፤ ዛፎቹ ጥላ የሚሰሩበት መንገድ ላይ። ቬንትሌተሩ ይጮሃል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተከምሯል። ሰውየውን ሁሉም ጋሼ ይሉታል። አንቱ አይሉትም፣ ድሬ አይደለ? ባንክ ውስጥ "እርስዎ" ማለት ስለለመድኩ እኔ ግን እንደዚያ ጀመርኩ። "ተይ እሱን" አለኝ። "አንተ በይኝ።" ሻሂ አስመጣልኝ።

ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔም ያን መልስ መለስኩ።

"ስራሽን ነው ያልኩሽ" ሲለኝ ፊቴ ጋለ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ሲባል አድጌያለሁ። አሁን ተፈረደብኝ አልኩ በልቤ። ጭራሽ ሌላ ነገር ጨመርኩ። "ማለቴ፣ ቋሚ አልነበርኩም፣ ዳታ ነበር የማስገባው፣ ግን ቶሎ እማራለሁ..." እያልኩ ቀጠልኩ። አሁን ሳስበው፣ አራት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ስጠይቅ ነው የኖርኩት። ማንም ሳይወቅሰኝ እኔ ቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። "ኮንትራት ነበርኩ" ማለት "ብዙ አትጠብቁብኝ" ማለት ነበር። ሰው እንዳያሳንሰኝ ብዬ ራሴ ቀድሜ አንሼ እጠብቀዋለሁ። ይህን ልማድ መቼ እንደጀመርኩት አላውቅም። ምናልባት ሦስተኛው ውል ላይ፣ ምናልባት ሠርጉ ላይ እማዬ ስታወራ።

ሰውየው አላቋረጠኝም። ስጨርስ ከክምሩ አንድ ፋይል መዘዘ። "እዪው" አለኝና ስልክ ሊያወራ ወጣ።

ፋይሉ ውስጥ ከዚህ በፊት ያላየኋቸው ወረቀቶች ነበሩ። ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ ኢንቮይስ (የሽያጭ ደረሰኝ)፣ ፓኪንግ ሊስት (የዕቃው ዝርዝር)። የንግድ ፈቃድ ኮፒ ደግሞ አለ፤ እሱን አውቀዋለሁ። ምን እንደምፈልግ አልተነገረኝም። እጄ ግን የለመደውን አደረገ። አራቱን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ስሙን ፈለግኩ።

ንግድ ፈቃዱ ላይ ዓሊ ይላል፣ በአማርኛ። ኢንቮይሱ ላይ ስሙ በኤ ይጀምራል። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ በሲ። እዚያ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ የአያቱ ስም ከፊት መጥቷል። ላኪው የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም መስሎት ወደ ፊት አምጥቶታል። እኛ ዘንድ የመጨረሻው የአያት ስም ነው፤ ውጭ ያለ ሰው ይህን ከየት ያውቃል?

ሰውየው ሲመለስ ወረቀቶቹ እንደተዘረጉ ናቸው። "ይሄ ሰው አንድ ነው" አልኩት። "ወረቀቶቹ ግን ሦስት ሰው አድርገውታል።" ስለ ሲዋ ነገርኩት። ስለ ኤክስም ነገርኩት። ደብተር እንዳለኝ ነገርኩት። ከሽማግሌው ብር ጀምሬ እስከ ቴለሮቹ ድረስ አወራሁት። ድምፄ ተቀይሮ ነበር። ይቅርታ የሚጠይቀው ድምፅ አልነበረም።

ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። "ይሄ ዕቃ ጅቡቲ ነው ያለው" አለኝ። "ስሙ ከፈቃዱ ጋር ስላልገጠመ ማስተካከያ እየጠበቀ ነው። በየቀኑ ዲመሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል፣ በዶላር።" ትንሽ ቆይቶ "ይሄው ነው ስራሽ። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አለኝ።

ከዚያ ጣቱን ፓኪንግ ሊስቱ ላይ አሳረፈ። "ይቺንስ?" ክብደቱ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። አላየሁትም ነበር። ዓይኔ ስም ላይ ነበር፤ ዕቃውን ጭራሽ አላሰብኩትም።

ከዚያ ቢሮ ስወጣ ቀትር ነበር። ሱቆቹ ዘግተዋል። ድሬ ጸጥ ብላለች። ከዚራን በእግሬ ነው የጨረስኩት፤ ባጃጅ መያዝ ረሳሁ። አባዬ የጠየቀኝን ጥያቄ አሁን መመለስ እችላለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ወረቀትና ዕቃ

ሁሉም ነገር ከዚያ በኋላ ቀና ሆነ ብዬ ልጻፍ አልችልም። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር።

ባንክ ሲመሽ ይዘጋል። መርከብ አይዘጋም። ስልኬ እሁድ ጠዋት ይጮሃል። ከጅቡቲ ሲደወል ግማሹ በፈረንሳይኛ ነው። ዲክላራሲዮን፣ ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ፣ መሙላት የተማርኩት ተሳስቼ፣ ተመልሶብኝ፣ እንደገና ሞልቼ ነው። ደመወዙም መጀመሪያ ላይ ከባንኩ ብዙም አይበልጥም ነበር። እማዬ ለጎረቤት ምን እንደምትል ጨንቋት "ቢሮ ነው የምትሰራው" ማለት ጀመረች።

ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። በኤልሲ ላይ፣ ማለትም ባንክ ሰነድ አይቶ ለሻጩ ሊከፍል ቃል በሚገባበት አሠራር ላይ፣ የሚሰራ ሰው የሚያውቀው ዩሲፒ 600 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። አንቀጽ 5 ላይ ባንኮች የሚሰሩት በሰነድ ነው እንጂ በዕቃ አይደለም ይላል። ሰነዱ ከገጠመ ባንኩ ይከፍላል። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ መፈተሽ የባንክ ስራ አይደለም። እኔም ባንክ ውስጥ የተማርኩት እሱን ነው። ወረቀት ከወረቀት ሲገጥም ስራዬ አለቀ እላለሁ።

መጋዘን ውስጥ ይህ አይሰራም። የመጀመሪያው ኮንቴይነር ሲከፈት ቆሜ ነበር። ሙቀቱ እንደ ምጣድ ፊት ላይ ይመታል። ወረቀቶቹ ሁሉ ገጥመዋል፣ ስሙ ገጥሟል፣ ክብደቱ ገጥሟል። ካርቶን ሲቆጠር ግን ሰባት ጎደለ። ከእጄ ያለው ወረቀት ልክ ነው፤ ከፊቴ ያለው ዕቃ ልክ አይደለም። እዚያ ቆሜ የቱን እንደማምን ግራ ገባኝ። ጋሼ "ካርቶኑን እመኚ" አለኝ። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከባንክ የተሻገረልኝም ብዙ ነው። የኮንቴይነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ አለው። የመጨረሻዋ አሃዝ ከቀሩት ፊደሎችና አሃዞች ተሰልታ የምትወጣ መቆጣጠሪያ ናት። አንዱን አሃዝ ብትሳሳቺ አብዛኛውን ጊዜ እሷ አትገጥምም፤ ስህተቱ ይታወቃል። ይህ ሲነገረኝ ደስ አለኝ። ከስህተት የሚጠብቅ ቁጥርን ባንክ ውስጥ አውቀዋለሁ። ደግሞ ደንበኛን አውቃለሁ። ገንዘቡ የተያዘበት ሰው እንዴት እንደሚያወራ፣ ምን ቀድሞ ሊነገረው እንደሚገባ አውቃለሁ። ዕቃው የተያዘበትም ሰው ያው ሰው ነው።

በአዋጁ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። ባንክ ውስጥ አራት ዓመት የጠበቅኩትን ቋሚነት እዚህ በ60 ቀን አገኘሁት። ደብዳቤው ሲሰጠኝ እንደማለቅስ አስቤ ነበር። አላለቀስኩም። ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ ወደ ፋይሌ ተመለስኩ። ዕቁብ ግን በዚያው ሳምንት ገባሁ።

ለሚደውሉልኝ ልጆች ሁሌ የምነግራቸው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው፤ የጡረታ መዋጮ። በየወሩ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል። ኤጀንሲ ቢቀጥርሽም ያው ነው። አሠሪ ስትቀይሪ አገልግሎትሽ እየተደመረ ይሄዳል፤ ለጡረታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። እኔ ሄጄ አረጋግጫለሁ። አራቱም ዓመት ገብቶልኛል። ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። አራቱ ዓመታት የትም ባክነው የቀሩ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ተቆጥረውልኛል።

ደብዳቤው

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ከባንኩ ስወጣ ኤጀንሲው የሰጠኝ የስራ ልምድ ደብዳቤ። ሦስት መስመር ናት። ስሜን ይጠራል፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይላል፣ "በኮንትራት ሠራተኝነት አገልግላለች" ብሎ ያበቃል። ምን እንደሰራሁ የለም። ያኔ ተቀብያት ወጣሁ። ሌላ ነገር ሊጻፍ ይችላል ብዬም አላሰብኩም።

ያው አዋጅ ግን አሠሪው ለሠራተኛው ያለ ክፍያ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል። ሠራተኛው የሰራውን የስራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑን፣ ደመወዙን የሚገልጽ። ይህን ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ስራ እየፈለግኩ አይደለም፤ ደብዳቤውን የማሳየው ሰውም የለኝም። ቢሆንም ሄድኩ።

ቢሮው እዚያው ነው። ዴስኩ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፤ እሷም በኮንትራት ይሆናል፣ አልጠየቅኳትም። ምን እንደፈለግኩ ነገርኳት። ፋይሌን አውጥታ የድሮውን ደብዳቤ አየችው። "አለሽ እኮ እህቴ" አለችኝ።

"ስራዬ የለበትም" አልኳት። "የስራው ዓይነት መጻፍ አለበት።"

ወደ ውስጥ ገብታ ኃላፊዋን ጠየቀች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ "እሺ ብለዋል" አለች። ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች። "ምን ብዬ ልጻፍ?"

መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። ቀስ ብዬ ነገርኳት። "በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የተጻፉ የደንበኛ ስሞችን በማመሳከር፣ የተደጋገሙ መዝገቦችን በመለየትና በማስተካከል" እያልኩ። እስክትጽፍ እየጠበቅኩ። መሃል ላይ ቆም አለች። "ይሄን ሁሉ ነበር የምትሰሪው?" አለችኝ።

"አዎ።"

አተመችው። ሙቀቱ ወረቀቱ ላይ ነበር። ማኅተም ከመደረጉ በፊት ልየው አልኳት። ቀኑን አየሁ፣ ደመወዙን አየሁ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ ስሜን ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ በአማርኛውም፣ ከሥሩ በላቲኑም። ትክክል ነው አልኳት።